ጽዋው ጠጅ ቤት የገባ ዕለት

እኔና ጠጅ ቤቱ የምንካፈለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ በዚህ በኩል እጸልያለሁ፤ እነሱ በዚያ በኩል ይዘፍናሉ። ግድግዳው የሁለታችንንም ችሎ እስከ ዛሬ ቆሟል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰፈራችን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ጠጪውም ጸሎተኛውም አብሮ ያስነጥሳል።

አግብቼ እዚህ ስገባ ሠዓሊ የሚባል ሰው በዚያ ደጅ አያልፍም ነበር። ጠጪዎቹ ተሸካሚዎችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ሥራቸውን ጨርሰው ይገባሉ፣ ብርሌያቸውን ጨርሰው ይወጣሉ። ድምፃቸው ለእኔ አይደርስም ነበር።

ቤቱን የለወጠው አንድ ተዋናይ ነው። የሰካራም አረማመድ ሊማር መጣ አሉ። ጥግ ይዞ አንድ ብርሌ ያዝዝና የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው እግር ያያል። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ሰላይ መስሏቸው ፈሩት። እያደር እሱም እንደ እነሱ ይራመድ ጀመር፤ ትምህርቱ ይሁን ጠጁ ግን ማንም አላወቀም። ተዋናዩ አንድ ሠዓሊ አመጣ፣ ሠዓሊው ገጣሚ አመጣ፣ ገጣሚው ደግሞ የሚያደምጡትን ሁሉ አስከትሎ መጣ። አንዲት ግጥም ይዘው ማታውን ሙሉ ሲከራከሩ ተሸካሚዎቹ “እዚህ ቤት ጩኸት በዛ” ብለው ሌላ ጠጅ ቤት ፈለጉ። የመርካቶ ተሸካሚ በጩኸት ሲማረር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ አዝማሪ ከጎንደር መጣ። ጠጪ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ግጥም ሰጪ ሲጠፋ ያገኘውን ሰው ይነካል። አንድ ማታ ዳዊቴን እየደገምኩ ሳለ የነካው እኔን ነበር፦

ከግድግዳው ማዶ ስትጸልይ ሰማኋት፣
እኔንም ጨምሪኝ ብዬ ለመንኳት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ተቆጣሁ። ግን ሰውየው ለምኗል፤ የለመነን ሰው እንዴት እተወዋለሁ? ጨመርኩት። እስካሁንም አላወጣሁትም።

በአንድ የበዓል ዋዜማ ወንድ ልጄን “ሂድና ድምፅ ቀንሱልን በላቸው” ብዬ ላክሁት። የላክሁት ዝም እንዲያሰኛቸው ነበር። ሲመለስ ሠዓሊ እሆናለሁ አለኝ።

የጠጅ ቤቱ እመቤት ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ጠጁን ራሷ ትጥላለች፣ ራሷ ትቀዳለች። ቤቷ ለሁሉ ክፍት ነው። እሷ ግን አንድ ቦታ መግባት ፈልጋ ለዓመታት አልተከፈተላትም፤ የእኛ ጽዋ ማኅበር። ማኅበራችን በወር አንድ ቀን በየተራ በየቤታችን ይደረጋል። ዳቦና ጠላ ይቀርባል፣ ቄስ ይባርካል፣ መጨረሻ ላይ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማኅበርተኛ ቢታመም ሁላችንም ደጁ ላይ ነን።

“እኔ ብታመም ማን ያንኳኳል?” ትለኝ ነበር። “ጠጪ እንደሆነ የሚያንኳኳው ሲጠማው ነው።”

የማኅበር መሪን ሙሴ ነው የምንለው። ሙሴያችን የጎጃም ሴት ናቸው፤ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ። የጎረቤቴን ነገር ባነሳሁባቸው ቁጥር “ቦታ ሞልቷል” ይሉኛል። ሞልቷል ያሉኝ ሁለት ማኅበርተኛ በሞተብን ዓመት ጭምር ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ተራው የእኔ ሆነ። ጠላው ደርሷል፣ ድፎ ዳቦው ተጋግሯል። በዋዜማው ዝናቡ ኮርኒሱን ከነአፈሩ አልጋዬ ላይ አወረደው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ተመስገን። የጠላው ጋንም ተረፈ። ቤቱ ግን ሰው የሚያስቀምጥ አልሆነም። በእኛ ደንብ ደግሞ ጽዋ ተራ አይዘልም። ሞት ካልሆነ በቀር ምክንያት የለም።

ፊት ለፊታችን ያለው ጨርቅ ነጋዴ ከአንዋር ሰግዶ ሲመለስ ሰምቶ ሸራ ይዞልኝ መጣ። ጣሪያውን አየ፣ ጋኑን አየ።

“እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አዳራሽ ጎንዎ ቆሞ!”

“የቱ አዳራሽ?”

በአገጩ ወደ ግድግዳው አሳየኝ።

“ጠጅ ቤቱ? አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው?”

“ቀን ቀን ባዶ ነው። ጋኑንም ቢሆን ከዚያ አርቆ የሚሸከምልዎት የለም። እኔን ካላመኑ ጋኑን ይሞክሩት።”

ጋኑን አልሞከርኩትም። ሄጄ ጎረቤቴን ጠየቅኋት። ተናግሬ ሳልጨርስ መጥረጊያ አነሳች።

በማግስቱ ማለዳ ገባሁ። ለዓመታት በጆሮዬ የማውቀውን ቤት በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከድምፁ ያንሳል። ወለሉ ታጥቦ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ እጁ እንዳያስቸግረው ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። ጎረቤቴ “ዛሬ አንዲት ቃል እንዳታዜም” ብላ አስምላዋለች።

ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። የብዙዎቹ ትርጉም አልገባኝም፤ ስለዚህ አልረበሹኝም። በምሥራቅ በኩል ያለው ግን በደንብ ገባኝ። አንዲት ሴት ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ትታጠባለች። ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። ከወገቧ በላይ ጨርቅ የሚባል የለባትም። እንዳይነሳ ደግሞ የተሳለው ግድግዳው ላይ ነው።

“ይህን የሳለው ማነው?” አልኩ።

ልጄ አግዳሚ ወንበር መደርደር አበዛ።

“አንተን እኮ ነው።”

“እማዬ፣ ሰው ሲታጠብ ነው እኮ።”

“ለብሳ ብትታጠብ ምን ነበረበት?”

አዝማሪው ብብቱን አጥብቆ ያዘ። ጊዜ አልነበረም። ነጠላዬን አውልቄ ለልጄ ሰጠሁት፤ በአራት ሚስማር ከላይ እስከ ታች ሸፈናት። እኔ ሌላ ነጠላ ላመጣ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ማኅበርተኞቹ መጡ። አንገታቸውን እያሰገጉ፣ እንዳላዩ እያዩ ገቡ። ቄሱም ገብተው ተቀመጡ። ሙሴያችን ግን ደጃፉ ላይ ቆሙ። ዝናቡ በጃንጥላቸው ላይ ይወርዳል።

“ጽዋዬን እዚሁ ቆሜ እጠጣለሁ” አሉኝ። “እግሬ እንዲህ ያለ ቤት አያውቅም።”

“እንዳሉ ይሁን፣ እማማ” አልኩ። ምን እላለሁ?

በዚህ መሀል ዓይናቸው በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ያለውን ነጠላ አየ። በእኛ ዘንድ ቅዱስ ሥዕል እንዲሁ በአደባባይ አይሰጣም፤ መጋረጃ ይደረግለታል። ሙሴያችን ፊታቸው ተለወጠ። ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቄጠማውን እየረገጡ ሄደው በነጠላዬ ፊት ሰገዱ። ጫፉንም ተሳለሙ። እሳቸው ሲሰግዱ ያየ ማኅበርተኛ ሁሉ እየተነሳ ተሳለመ።

አዝማሪውን ሳል ያዘው። ልጄ ጠላ ልቅዳ ብሎ ወጣ። ቄሱ አዩኝ፤ እኔ ዳቦውን አየሁ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቄሱ ግን ጸሎት ጀመሩና ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ዞርን። ነጠላዬም እዚያው ናት። አባታችን ሆይን እንደዚያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ያደረስኩበት ጊዜ የለም።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ጎረቤቴ አንዴም አልተቀመጠችም። ሙሴያችን በእሷ እጅ የተቀዳ ሁለተኛ ዋንጫ ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አንቺ ልጅ፣ ነይ ወዲህ” አሉ። ልጅ ብለው የጠሯት ሴት ፀጉሯ ሸብቷል። “ስለዚህ ቤት ብዙ ይወራል። እኔም አውርቻለሁ። ሥዕለ አድኅኖን በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ከልላ የምታኖር ሴት ግን ከማኅበር ውጪ መሆን የለባትም። ቦታ አለ።”

ሁሉም “ይገባታል፣ ይገባታል” አለ። ጎረቤቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ለዓመታት የጠየቀችው ቃል ተነገረ። ዝም ብትል የሷ ነበር። ዝም በይ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

“እማማ” አለች፣ “እሱ ሥዕለ አድኅኖ አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ሴት ናት። ፀጉሯን ትታጠባለች።”

ሙሴያችን ዋንጫውን አስቀመጡ።

“እኔ የሰገድኩት ለማን ነው?”

“ለሷ ነው፣ እማማ።”

“ልብስ አላት?”

“የላትም።”

ሙሴያችን ከመቀመጫቸው ተነሱ። ይወጣሉ ብዬ ጫማቸውን ላቀርብ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን የሄዱት ወደ ግድግዳው ነበር።

“ግለጡልኝ። የሰገድኩለትን ልየው።”

ማንም አልተነሳም። ሄጄ ራሴ ሁለቱን የላይ ሚስማር ነቀልኩ። ነጠላው ወረደ። እስከ አንገቷ ቆሞ ቢቀር ብዬ ያዝ አደረግኩት፤ ፊቷ ብቻ ታየ። ሙሴያችን ቀረቡ። መነጽራቸውን አወጡ።

“ዓይኗ ስንት ነው?” አሉ።

ቄሱ ብድግ አሉና አብረው አዩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ጻድቅ ሲሳል ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።

“ሁለት ነው” አሉ ቄሱ።

“ሙሉ?”

“ሙሉ። እንዲያውም ትልልቅ።”

“እንግዲያው ከጻድቃን ወገን ናት” አሉ ሙሴያችን። ትንፋሻቸው ወጣ። “አንድ ዓይን ቢሆን ኖሮ ነበር ጉዴ። የሳላት ማነው?”

ልጄ ከደጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ ሊገባ እግሩን አንስቶ ነበር፤ መለሰው።

“የእኔ ልጅ ነው” አልኩ።

“ይህ በቅዳሴ ጊዜ አንገቱን ጠምዝዞ ግድግዳ ግድግዳውን የሚያየው?”

“እሱ ነው።”

“እኔ እኮ ተንኮለኛ ነው እል ነበር። ለካ ሲማር ነው።” ወደ ታች፣ ወደተሸፈነው በኩል ተመለከቱ። “የቀረውን ግን የት አየው?”

አዝማሪው ከዚህ በላይ አልቻለም፤ እጁ ከብብቱ ወጥቶ ወደ ማሲንቆው ተዘረጋ። ጎረቤቴ በዓይኗ መለሰችው። ቄሱ በመቋሚያቸው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚጸልዩ እንዲመስሉ ብዙ ደከሙ።

ሙሴያችን ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

“ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?”

“ማንም።”

“ታዲያ ለምን ተናገርሽ?”

“ነገ ሌላ ሰው ቢነግርዎት ያስወጡኛል። ገብቶ ከመውጣት አለመግባት ይሻለኛል።”

ሙሴያችን መነጽራቸውን አጣጥፈው ከተቱ። ጽዋውን የሚቀበለው ባለ ተራ እሳቸው ነበሩ። ከተቀመጠበት ሄደው አነሱት። ቄሱ ባርከው ጠላ ሞሉት።

“የእኔ ቤት ጠባብ ነው” አሉ። ሁላችንም እዚያ ገብተን እናውቃለን፤ ሠርግ ያስተናግዳል። “ተራዬን ለዚች ሰጥቻለሁ። በዕለቱ ማሲንቆ እንዳይሰማ። ሴትየዋም ትከለል፤ ብርድ ነው።”

ጎረቤቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ለሞላበት ቤት መጠጥ ስታመላልስ የኖረች ሴት ናት። ያቺን አንዲት ጽዋ ግን ቀጥ አድርጋ መያዝ አቃታት። ጠላው ጠርዙን አልፎ በክንዷ ወረደ፣ በቀሚሷ ወረደ፣ ቄጠማው ላይ ፈሰሰ።

“ስታመም ትመጣላችሁ?” አለች።

“ሳትታመሚም እንመጣለን” አሉ ሙሴያችን። “አሁን ጠጪው፣ ሳታፈሺ ጨርሺው።”