ይጠቅማል ደረጃውን ሲያጸዳ

ሰፈሩ «ይጠቅማል» የሚለው አናጺ አለ። ስሙን ያወጣንለት እኛ ጎረቤቶቹ ብንሆንም የለፋበት እሱ ነው። እግር የሌለው ወንበር፣ ነቀዝ የበላው ጣውላ፣ የዛገ ማጠፊያ፣ ቀለሙ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ይጠቅማል»። ለማን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልነገረንም። ወርክሾፑ ከመሙላቱ የተነሣ ሰውዬው በገዛ ቤቱ መቆሚያ አጥቶ ውጭ በር ላይ ነው ጣውላ የሚልገው።

እናቱ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ታች ወርደው አያውቁም። የሚመኙት ትንሽ ነገር ነው፤ ወርክሾፑ በር አጠገብ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ሲያሰኛቸውም ማማት። ከፎቁ የሚወርደው ደረጃ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ነው።

ልጅ ቃል ገባ፤ ማጽዳትም ጀመረ። አንዲት ጥግ ባዶ አደረገ፣ ጠረጋት፣ ውሃ ረጨባት፣ ከዚያ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ አደነቃት። መንገደኛ እየጠራ አሳየ። እኔም «ጎበዝ» ብዬዋለሁ፤ ሰው የሠራውን እያየ ነው የሚበረታው። ጥግ በጥግ ሲል አንድ ቀን ወለሉ በሙሉ ታየ። ደስ ብሎት ወደ ላይ ተጣራ።

«እማዬ፣ አልቋል፤ ነይ ውረጂ።»

«በየት በኩል ልጄ?» አሉት። «በጣሪያው?»

ከወለሉ ያነሣውን ሁሉ ደረጃው ላይ ደርድሮት ነበር፤ ጉልበት ያለው ሰው ብቻ በጎን ይሾልካል። «ለጊዜው ነው፣ እለየዋለሁ» አለን። እንዲህ ያለ ጽዳት አይቼ አላውቅም፤ ኮተቱ ቦታ ቀየረ እንጂ ከቤት አልወጣም።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሙ መጣ። የጭነት መኪና አለው፤ ስለ ጭነት የሚያውቀው ግን መቁጠር ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን እያሽከረከረ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለፍተህ ይቺ ናት? ገና ያ አለ፣ ያ አለ፣ ያ ደግሞ...» አለና ሄደ። አንዲት ምስማር አላነሣም። እንዲህ ያለው ሰው ሞልቶናል፤ የቀረውን ለማየት ዓይኑ ስል ነው፣ የተሠራው ጋ ሲደርስ ይታወራል። አናጺውም ሰበብ አገኘ፤ መጥረጊያውን ጥሎ ተኝቶ ሰነበተ።

ዘዴውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ከላይኛው ደረጃ ላይ ትራስ አነጠፈች፣ አማቷን አስቀመጠች፣ ባሏን ጠራች።

«ቀጣዩን ደረጃ ባዶ ስታደርግ ይወርዳሉ። ዕቃው ደግሞ በበር ይውጣ። ወለሉ ላይ ካየሁት እሳቸውን መልሼ ክፍላቸው አስገባቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተለወጠ። ስባሪ ወንበር አንሥቶ «ይጠቅ...» ሲል እናቱ ከላዩ ናቸው።

«ለማን?»

«ምናልባት ሰው ቢጠይቅ ብዬ...»

«ይኸው እኔ ጠየቅሁህ። አውጣው።»

ያወጣዋል። እሳቸውም ቁጭ እንዳሉ ተንፏቀው አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ማታ ደግፈው ወደ ክፍላቸው ይመልሷቸዋል፤ ትራሷ ግን ከደረሰችበት ታድራለች። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ ምን ያህል እንደወረደች ያይና እጅጌውን ይሰበስባል። ባዶ ጥግ ማድነቅ ሌላ፣ እናትህ ወደ አንተ ስትቀርብ ማየት ሌላ።

ትራሷ ለመሬት ጥቂት ሲቀራት ታላቅየው ቁልፉን እያሽከረከረ ብቅ አለ። «ገና ያ አለ...»

«አዎ፣ አለ» አሉ እናቱ፣ አሁን ዓይን ለዓይን እያዩት። «ዓይንህ ደህና ነው ማለት ነው። በል መኪናህን አስጠጋ።»

«እማዬ፣ ልብሴ...»

«ይታጠባል። የኔን ቀሚስ ደረጃው በልቶት የለ።»

አስጠጋ። ከሰዓት በኋላ እናታቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው የሰው ጫማ ሲተቹ አገኘኋቸው። አናጺው ባዶውን ደረጃ ሽቅብ ቁልቁል ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ጣውላ በጉያው ሸሽጎ ከኋላቸው ሊያልፍ ሞከረ።

«እሷንም መኪናው ላይ» አሉት፣ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያዞሩ።