ጥሩነሽን የቆጠርኩ ቀን

የንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ «ሌላስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ሁለቴም «ሌላ የለም አባ» ብያለሁ። ነበር። ለሚስቴም አልነገርኳትም፤ ግማሹን በዓይኗ አይታለች ብዬ ራሴን አታልዬ አለፍኩት። እናንተ አታውቁኝም፣ ለእናንተ ልናገር። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል። ይኸውም ፈሪነት ነው፣ አውቀዋለሁ።

ካዛንቺስ ተወልጄ፣ እዚያው ካዛንቺስ የታሪክ መምህር ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በየዓመቱ የምወዳት አንዲት ትምህርት ነበረችኝ፤ አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ በባሪያ ቆጠራ የተጣሉበትን። ሰሌዳው ላይ አምስት ሰው እሥልና «ባሮች ሙሉ ሰው ሆነው ይቆጠሩ ያለው ማን ይመስላችኋል?» እላለሁ። ተማሪ ሁሉ ባርነትን የጠሉት ናቸው ይላል። እኔ እስቃለሁ። ይቆጠሩ ያሉትማ ባለባሪያዎቹ ናቸው! የምክር ቤቱ ወንበር በሕዝብ ብዛት ነዋ የሚከፋፈለው። ባሪያው ሲቆጠር ወንበሩ ለጌታው ይጨመራል፤ ባሪያው ራሱ ግን አይመርጥም፣ አይናገርም። ሌሎቹ «ገበያ ላይ ዕቃ፣ ወንበር ሲመጣ ሰው?» ብለው ተቃወሙ። በመጨረሻ አገሩ እንዳይፈርስ ብለው ተስማሙ፤ አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠር። ይኼኔ ዳስተሬን አነሳና ሁለቱን ሰዎች ሙልጭ አድርጌ አጠፋለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

አንድ ዓመት አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ የተቆጠሩትንስ ማን ጠየቃቸው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። ቀላል መልስ ነበር፣ ደውሉም ተደወለ።

እቤቴ ጥሩነሽ ነበረች። እናቷ ለአያቴ ሠርግ ከጥሎሹ ጋር የተሰጠች ሴት ናት። አዎ፣ እንደ በቅሎ የተሰጠች። በኋላ ባርነት ቀረ ተባለ፣ እሷ ግን ወዴት ትሂድ? ጥሩነሽ እኛው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተወለደች፣ እኔን አዝላ አሳደገችኝ። ታላቅ እህቴን አልማዝን «እትዬ» እላለሁ፤ ጥሩነሽ ከእትዬ አልማዝም ትበልጣለች፣ እሷን ግን በስሟ «አንቺ ጥሩነሽ» ብዬ ነው የምጠራት። እሷ ደግሞ መምህር ከሆንኩ ወዲህ ጋሼ ሙሉ፣ እርስዎ ትለኛለች። ያዘለችኝ ሴት! አንድም ቀን አልከበደኝም።

ሰርቪሷ አንድ ክፍል ናት፣ ቆርቆሮዋ የዛገ። ደጃፏ ላይ ጤና አዳም ተክላ ሰፈሩ ሁሉ ይቆርጥ ነበር። በሯን ከውስጥ ትቀረቅራለች። ይህን አስታውሱልኝ፤ የምትቀረቅረው በር ነበራት።

ከዚያ ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለ። የእኛ የቀበሌ ቤት ነው፣ በስሜ። የተነገረን እንዲህ ነው፤ ምትክ ቤት እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይሰጣል፣ በሰርቪስ ለብቻው የሚኖር ካለ ደግሞ በራሱ ስም ተመዝግቦ ትንሽም ብትሆን የራሱን ቤት ያገኛል። እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጄ፣ እትዬ አልማዝና ልጇ ዮናስ አምስት ነን። ስድስት ብንሆን አንድ መኝታ ይጨመርልናል። እትዬ ጣቷን ቆጠረችና «ጥሩነሽ አለች አይደል? እሷ ምኗ ነው ባዳ? ክፍሉም ለእሷው ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን ምን ልትሆን!» አለች። አምስቱ ሰዎች ሰሌዳ ላይ ቆመው ታዩኝ። በማርያም፣ ታይተውኛል! አላወቅኩም የምል ሰው አይደለሁም። አስተማሪው እኔው ነኝ።

ስብሰባው ሜዳ ላይ ነበር። ጥሩነሽ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላዬ ተቀምጣለች። መዝጋቢው «በሰርቪስ ለብቻው የሚኖር እጁን ያውጣ» አለ። ዞር ስል እጇ እስከ ትከሻዋ ደርሷል። የተጠየቀች ዕለት መሆኑ ነው፣ በዕድሜዋ አንዴ። እኔ ብድግ አልኩና ጮክ ብዬ «እሷ ቤተሰባችን ናት» አልኩ።

እጇ ወረደ። እኔ ነኝ ያወረድኩት። አልያዝኩትም፣ አልጎተትኩትም፤ በጥሩ ቃል አወረድኩት።

ከሁሉ የሚገድለኝን ልንገራችሁ። ስብሰባው ሲበተን ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ጋሼ ሙሉ፣ ሰው ፊት ቤተሰባችን አሉኝ» አለች። «ኧረ ተነሺ፣ ምን ነካሽ» አልኳት። በማግስቱ ቅጹ ላይ ጣቷን በቀለም ነክራ አሳረፈች። ምን እንደሚል አልጠየቀችኝም። አላነበብኩላትም።

ላንቻ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። በገባን ሳምንት ዮናስ ማትሪክ ያጠናል ተባለና ክፍሏን ያዘ። እስኪፈተን ነው ተባለ። ተፈተነ፣ አለፈ፣ ክፍሉ የእሱ ሆኖ ቀረ። የጥሩነሽ ፍራሽ ማታ ኮሪደሩ ላይ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይጠቀለላል። በር የለ፣ መቀርቀሪያ የለ። ወደ መጸዳጃ ስሄድ እየተሻገርኳት ነበር የምሄደው። ስንት ጠዋት ዮናስን ልናገር ብዬ ተነሳሁ? ማለቴ፣ ቤቱ በስሜ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? ግን እትዬ ታኮርፋለች፣ ቤቱ ይታወካል፣ ነገ እነግረዋለሁ፤ በቃ እንዲሁ ነጋ፣ መሸ። ጥሩነሽ «ይበቃኛል ጋሼ፣ ለእኔ ምን ያንሰኛል» ትላለች። ጉልበቷ ደረጃውን እንቢ ካላት በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄዱም ቀረ። በመስኮት በኩል ትሳለም ነበር።

አራተኛው ዓመት ላይ እዚያው ኮሪደር ሞታ አገኘናት። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ መጡ። ደንቡ ለቤተሰብ ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ለሠራተኛ ቤቱን አስተዛዝኖ መሄድ ነው። መዝገቡን ገለጡ። እድሩ ውስጥ ስንገባ የቤተሰቤን ዝርዝር የሞላሁት እኔ ነበርኩ፤ ስሟ የለም። ጸሐፊው ደግ ሰው ናቸው፣ እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው «ረስተኸው ይሆናል፣ ምንህ ናት?» አሉኝ።

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። አውቀዋለሁም፤ ከዓመታት በፊት ሜዳ ላይ ጮክ ብዬ ብዬዋለሁ። ግን በዚያው ሰሞን ልጄን ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋት ነበር፤ ዘር የሚያጣሩ፣ አጥንት የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። እትዬ አልማዝ ከበሩ ሥር ቆማ ታየኛለች። እሷ ላይ አላላክክም። አንደበቱ የእኔ ነው።

«ሠራተኛችን ነበረች» አልኩ።

ጸሐፊው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ድንኳን አልተተከለም። ቀብሯ ላይ የቆምነው ጥቂት ነን፤ ከካዛንቺስ የመጣች አንዲት የድሮ ጎረቤት ብቻ ጮኻ አለቀሰችላት። እኔ አላለቀስኩም። በምን አፌ?

ያን ትምህርት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። አምስቱን ሰዎች እሥላለሁ፣ ዳስተሩን ግን ማንሳት አቃተኝ፤ ደውል እስኪደወል ቆሜ እቀር ነበር። ተማሪዎቹ አረጀ ብለው ሳቁብኝ። እነዚያ አሜሪካኖች እንኳ ያደረጉትን ክፍልፋዩን ጠቅሰው ጽፈውታል፤ ማንም አንብቦ ይረግማቸዋል። የእኔን ማን ያነባል? ክፍል ሲጨመርልኝ ሙሉ ሰው አድርጌ ቆጠርኳት፤ ልቀብራት ስሄድ ግን አልቆጠርኳትም።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የምትሉኝ እናንተ አይደላችሁም። እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እንደበደልኳት ሳታውቅ አመስግናኝ ሞተች።