ከምሳ በኋላ የማፈላው ሻይ

ሻይ በማፍላት ከከሚሴ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛውን አላውቀውም፤ የነገረኝም ሰው የለም። ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ሄሉን ጨምሬ እስኪጠቁር አንተክትኬው ነው የማወርደው። እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ብርጭቆው ፊቱ ይደርሳል። እኛ ቤት ሻይ ያልተከተለው ምሳ እንደ ምሳ አይቆጠርም።

ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ እኛ ዘንድ መጣች። ጤና ጣቢያ ደሟን ለኩና አንሷል አሏት። ነርሷ የብረት ኪኒን ሰጥታ፣ «ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋም ብዪ። በወሩ ካልጨመረ ግን የምትወልጂው ደሴ ነው» አለቻት። ልጄ ፊቷ ልውጥ አለ። እናቷ ጉልበቷን ስለሚያማት ደሴ ድረስ መኪና አትችልም። ያለ እናቷ መውለድ ነው ያስፈራት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አልኳት፣ «አባትሽ እያለ ደም ምን ያደርግሻል?»

እሁድ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ፍየል ገዛሁ። ጎመኑን ራሴ ቀነጠስኩ። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለኝ ጀመር፤ አልተቃወምኩም። ምሳዋን ሁሉ በሻይ አወራረድኩላት፣ ኪኒኑንም በሻይ። ቀለሙ ደም ስለሚመስል ሳይረዳ አይቀርም ብዬ ጠቆር አደረግሁላት።

በወሩ ተለካች። ንቅንቅ የለም።

«አልበላችም እንዴ?» አለች ነርሷ።

«ፍየሉ ይመስክር።»

«ከምግቡ ጋር ምን ትጠጣለች?»

«ሻይ። ወላሂ፣ በገዛ እጄ ነው የማፈላላት!»

«ታዲያ አባቴ፣ በአንድ እጅዎ እየሰጡ በሌላው እየቀሟት እኮ ነው። ሻይ ሰውነቷ ብረቱን እንዳይወስድ ይከለክላል። ሁለት ሰዓት ቆይታ ትጠጣ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ኪኒኑንም በውሃ ትዋጠው። እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ እንየው።»

 

ከዚያ ወዲያ ማንቆርቆሪያውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ከምሳ በኋላ እጄን የማደርግበት አጣሁ፤ ሎሚ ጨመቅኩ። ምሳ በልቶ ሻይ ለሚጠብቅ ጎረቤት፣ «እዚህ ቤት ሻይ በቀጠሮ ሆኗል» አልኩት። «ሐኪሙ ሰሰተ» ተብሎ ተወራ። እኔ ልሰስት!

በሚቀጥለው ወር ስትለካ ደሟ ጨምሮ ተገኘ። እዚሁ ከሚሴ፣ እናቷ እጇን ይዛት ወለደች፣ አልሃምዱሊላህ።

ቤት በገባን በማግስቱ ምሳዋን በልታ ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ «አባ፣ በጣም አማረኝ፣ ሻይ የታለ?» አለችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ነው።

«ለአሥር ሰዓት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ» አልኳት።