የ«መጽሐፍ ጤና ጣቢያ» አድራሻ

ጠራዡ ያረጀ መጽሐፍ ሲመጣለት፣ ስፌቱን ከመንካቱ በፊት የታተመበትን ዓመት ይፈልጋል። «ዕድሜውን ካልነገረኝ እጄ አይታዘዘኝም» ይላል። ከሙጫ ቆርቆሮው፣ ከሰም ክሩና ከሁለት የብረት መጭመቂያዎቹ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ኖሯል።

በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «መጽሐፍ እንጠርዛለን» ከማለት አያልፍም። እናቱ ግን በሕይወት ሳሉ ያቺን ጠባብ ክፍል «የመጽሐፍ ጤና ጣቢያ» ነበር የሚሏት። ገጹ የተገነጠለ የመማሪያ መጽሐፍ ታቅፎ የሚገባውን ሁሉ እያዩ፣ «ይኸው ደግሞ አንድ በሽተኛ» ብለው ይስቁ ነበር። ስያሜውን ከሁለቱ ልጆቻቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ታናሽ ወንድሙ አዲስ ቤት የገባ እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ጠራዡ ሐሳቡን አወጋው። ደንበኛ ሳስቷል፤ ሰው አሁን ሱቅ የሚፈልገው በስልኩ ነው። ስለዚህ በእናታቸው ስያሜ የኢንተርኔት አድራሻ ማውጣት አምሮታል። ወንድሙ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርና፣ «ለእኔ ተወው ወንድም ጋሼ» አለው።

በሳምንቱ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

«አልቀናንም። ስሙን አንድ ሰው ከዐሥር ዓመት በፊት አስመዝግቦታል። ካልገዛነው አይለቅም።»

«እንዲህ ያለ ስም ማን አባቱ ነው የሚያስበው?»

«ሰው የማያስበው ምን አለ ብለህ ነው? እኔ በደላላ አናግረዋለሁ።»

ድርድሩ አራት ወር ፈጀ። ጠራዡ እስከዚህ እችላለሁ ብሎ በልቡ የቆረጠውን ዋጋ ለወንድሙ ሹክ ባለ ቁጥር፣ የአድራሻው ባለቤት መልስ ከዚያች ጥቂት ከፍ ብሎ ይመጣል። በመጨረሻ አንደኛውን መጭመቂያ ሸጠ።

ገንዘቡን ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የቆየ ልማዱ ጎተተውና ጎረቤቱ በኮምፒውተር ከምትጽፈው ጸሐፊ ዘንድ ገባ።

«ልጄ፣ ይህ አድራሻ እንደ መጽሐፍ የታተመበት ዘመን የለውም?»

ሳቀች። «የተመዘገበበት ቀን አለው አባባ። ቆይ ላሳይዎት።»

የአድራሻው ባለቤት ስሙን ደብቋል፤ ቀኑ ግን ፍጥጥ ብሎ ወጣ። እንኳን ዐሥር ዓመት፣ ግማሽ ዓመትም አልሞላውም። ወንድሙ ቤት ምሳ ከበሉበት እሑድ ቀጥሎ የዋለው ማክሰኞ ነበር።

«ሌላ የሚያዩት አለ?»

«በቂ ነው ልጄ።»

በማግስቱ ወንድሙ መጣ። ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ያስጠረዘው የአራተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፉም ተሠርቶ ይጠብቀው ነበር። በልጅነቱ ሲገነጥለው የሰፋለትም ይኸው ጠራዥ ነው።

«ማክሰኞ ነው የያዝከው» አለው ጠራዡ።

ወንድሙ ወንበር ሳበ፤ ግን አልተቀመጠም።

«ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ብዬ ነው እኮ።»

«አንተ ቀደምከኛ።»

ከዚያ ወንድሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ በግማሽ ዋጋ ልልቀቅልህ» አለ።

ከማክሰኞዋ ይልቅ ይህች ግማሽ የጠራዡን አንጀት ቆረጠችው። ከመደርደሪያው የንባብ መጽሐፉን አውርዶ በወረቀት ጠቀለለ። ከዚያም ደንበኞች የሚፈርሙበትን የመረከቢያ መዝገብ ገለጠ። ቤተሰብ በዚያ መዝገብ ላይ ፈርሞ አያውቅም።

«በማን ስም ልጻፈው?»

«ወንድም ጋሼ...»

ጠራዡ እርሳሱን እንደያዘ ጠበቀ።