አራተኛው ጉድጓድ

ጫት ከገባ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የላቦራቶሪያችን ሰዎች ቀትር ሲሆን ጋውናቸውን ሰቅለው ውልቅ ይላሉ፤ እኔ እቀራለሁ። ታታሪ ሆኜ አይደለም። ቤት ብሄድ የሚጠብቀኝ የለም፣ ላቦራቶሪው ደግሞ ቢያንስ ይቀዘቅዛል። በሐምሌ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ፊት ሲገርፍ፣ ማን ሞኝ ነው ደጅ የሚወጣ?

ሥራችን የባሕል መድኃኒት ዕፅዋትን መፈተሽ ነው። ቅጠሉም ሥሩም ልጣጩም በከረጢት ይመጣል። እናደርቀዋለን፣ እንፈጨዋለን፣ በአልኮል ዘፍዝፈን እናጠልለዋለን። ከዚያ ፔትሪ የምንላት ክዳን ያላት ጠፍጣፋ ብርጭቆ አለች፤ ውስጧ እንደ ሙቅ የረጋ የጀርም ቀለብ ይፈስባታል፣ ላዩ ላይ ጀርም ይዘራበታል። ከዚያ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች እንበሳለን። በሦስቱ ጭማቂውን አንዱን ወፍራም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ቀጭን አድርገን እንጨምራለን፤ በአራተኛው ግን አልኮሉን ብቻ። ጭማቂው ጀርም ከገደለ በማግስቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ጠራ ያለ ቀለበት ይታያል። አራተኛውም ቀለበት ካወጣ ግን ገዳዩ ቅጠሉ ሳይሆን አልኮሉ ሊሆን ይችላል። ባልደረቦቼ በፈረንሳይኛ «ቴሟ» ይሉታል፣ ምስክር ማለት ነው። ይህን ለተለማማጆች ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ልብ በሉልኝ።

የምኖረው ሆዳን የሚባል ሰፈር ነው፣ ከአዲሶቹ ቤቶች በአንዱ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ከተማ ነው። አባቴም እናቴም አልፈዋል፣ ወንድሞቼ በየአገሩ ተበትነዋል። ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደረጃ ላይ «ቦንዡር» ይሉኛል፣ «ቦንዡር» እላለሁ፣ በሩ ይዘጋል። ዓርብና ቅዳሜ ሥራ የለም። ሐሙስ ቀትር ላይ ባልደረቦቼን ከተሰናበትኩ እሑድ ጠዋት ዘበኛውን ሰላም እስክል ድረስ አንዲት ቃል ከአፌ የማትወጣባቸው ሳምንታት ነበሩ። ድምፄ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲንቋቋ ዘበኛው ጉንፋን የያዘኝ መስሎት «ዝንጅብል ጠጪ» ይለኝ ነበር። ዝንጅብል አለኝ፤ የሌለኝ ሌላ ነው።

ሐጂን ያገኘኋቸው መጋረጃ ልገዛ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ሄጄ ነው። የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ከሱቁ ጀርባ ይኖራሉ። ገና በአማርኛ «ይሄ በስንት ነው?» ከማለቴ «ውይ፣ የኛ ልጅ ነሽ! ታዲያ ምን ያኮሳትርሻል?» አሉኝ። ሳቅሁ። መጋረጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ እኔ በሁለት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ባትጠይቁኝ ይሻላል። የትራስ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ ደግሞ ሌላ የትራስ ጨርቅ ገዛሁ። ያሉኝ ትራሶች ሁለት ናቸው።

አንድ ቀን ግራ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አገኘኋቸው። ስኳር አለባቸው፤ ጫማ የላጠው አውራ ጣታቸው አልድን ብሎ ቆስሏል። ሐኪም በየሁለት ቀኑ እየመጡ ቁስሉን እንዲያሳጥቡና መድኃኒት እንዲውጡ አዟቸዋል፤ ከተዘናጉ ሊቆረጥ እንደሚችልም ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ልባቸው ያለው ዘመድ ከድሬዳዋ በላከላቸው ክትክታ ላይ ነው። ቅጠሉን ወቅጠው ጠዋትና ማታ ያስሩበታል።

«አንቺ ቅጠል መርማሪ አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ። «በይ ይሄን መርምሪልኝ። ይሠራል ካልሽኝ በዚሁ እገፋለሁ። አይሠራም ካልሽኝ ለሐኪሙ እጄን እሰጣለሁ። ወላሂ፣ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

ፔትሪ እግር አይደለም ሐጂ፣ እዚያ ላይ ጀርም ገደለ ማለት ቁስል ያድናል ማለት አይደለም፣ ማለት ነበረብኝ። «ምን ችግር አለ፣ ይስጡኝ» አልኩ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ የሐጂን ክትክታ ሠራሁ። የግል ጉዳይ ስለሆነ የወሰድኩት አንዲት ፔትሪ ብቻ ነው። ወፍራሙን በአንደኛው፣ መካከለኛውን በሁለተኛው፣ ቀጭኑን በሦስተኛው ጨመርኩ። አራተኛው ጋ ስደርስ፣ ለሐጂ አንድ ዕድል ልጨምርላቸው ብዬ፣ እሱንም በወፍራሙ ጭማቂ ሞላሁት። ለምስክሩ ቦታ አልቀረም። ቆይ ሌላ ጊዜ እሠራዋለሁ አልኩ። የሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለችውን ተለማማጅ ከክፍሉ አባርራት ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከፍቼ ሳያት፣ በአራቱም ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የምነግረው ሰው ፈለግሁ፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ዘበኛው እንኳ ጉንጩን ወጥሮ ጥላ ሥር ተጋድሟል። በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ታክሲ ይዤ ካርቲየ 2 ከተፍ አልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ግን ያን ቀን እንደፈሰሰብኝ እንኳ አላየሁም።

«ሐጂ፣ ይሠራል!» አልኩ ገና ከበሩ።

«አልሐምዱሊላህ! አላልኩም?» አሉና ልጃቸውን ተጣሩ። «ነገ ምሳ እኛ ጋ ነሽ። እምቢ ብትይ እንጣላለን!»

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ቤቱ በሰው ሞላ። ልጃቸው ለሁሉም ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችና ለእኔ ለብቻ በሌላ ሳህን ምስር አመጣች። «ዓርብ አይደል? ጾም ነሽ ብዬ ነው። ድስቱም ለብቻው ነው፣ እህቴ፣ አትሥጊ» አለችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጾሜን ያስታወሰልኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው አልኩ። ሐጂ ስልኬን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ «ይቺ የኛ ዶክተር ናት!» ይላሉ። ዶክተር አይደለሁም፣ ግን አላረምኳቸውም። «ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ምን ያመላልሰኛል?» ሲሉም ሰማሁ። «ኧረ እሱንም አይተዉት» አልኩ፤ አፌ ውስጥ ምስር ስለነበር ማንም አልሰማኝም። ዋጥ አድርጌ ልደግመው እችል ነበር፣ አልደገምኩትም።

እሑድ አለቃችን ፔትሪዋን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኛት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አያትና «ቴሟው የታል?» አለኝ። «ድገሚው» ብሎኝ ሄደ። ደገምኩት። ሰኞ ሳየው አልኮል ብቻ ያለበት ጉድጓድ ቅጠሉ ያወጣውን ያህል ቀለበት አውጥቷል። አልኮሉን አትንኜ ቅጠሉን በውሃ በሠራሁበት ፔትሪ ላይ ደግሞ ጀርሙ እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ለምልሟል። የሐጂ ቅጠል የገደለው ነገር የለም። «ደንቆሮ!» አልኩ ራሴን ጮክ ብዬ። ክፍሉ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያየኝ እንኳ አልነበረም።

ያኔውኑ ሮጬ መሄድ ነበረብኝ። ስልክም አለ። ሰኞ ታክሲ መቆሚያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ማክሰኞ በሙቀቱ አመካኘሁ። ረቡዕ «ለማንኛውም ላረጋግጥ» ብዬ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። ሐሙስ ልጃቸው ደወለች። «ምስሩ ሰልችቶሽ ይሆናል፣ ነገ ሽሮ ልሥራልሽ?» አለችኝ። «ሽሮ ደስ ይለኛል» አልኩ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ዓርብ ሄድኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት፣ እምላለሁ። ሐጂ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል፣ እግራቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገዋል። ፎጣው ሽታውን አልከለከለውም።

«ይሄ ቅጠልሽ ሲሠራ ያቃጥላል ልበል?» አሉኝ።

ቅጠልሽ! የእኔ ሆኖ አረፈው። «ሐኪም ይየው ሐጂ» አልኩ።

«ምን ሊለኝ? ያንቺን ፎቶ አሳየዋለሁ!» ብለው ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ሽሮው መጣ፣ ለእኔ ተብሎ በንጹሕ ድስት የተሠራ። በላሁ። ጣፍጦኝ በላሁ፤ ዛሬም ለራሴ ይቅር የማልለው እሱን ነው። ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ ተመራርቄ፣ ምንም ሳልናገር ወደ ሆዳን ተመለስኩ።

ቅዳሜ ገና ሱቁ ሳይከፈት በሩን ደበደብኩ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው፤ ተሳስቻለሁ፣ ቀለበቱን ያወጣው አልኮሉ ነው፣ ቅጠሉ አይሠራም። ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ።

«አሁን ማንን ልመን? ይሠራል ያልሽኝ አንቺ፣ አይሠራም የምትይኝ አንቺ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ማለት ይሄው ነው። በማን እንደተናደድኩ እግዜር ይወቀው፣ «ማንንም አይመኑ! ብቻ ይነሱ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ልጃቸው ደንግጣ ፎጣውን ገለጠችው። ጣቱ ከስሏል፤ ጥቁረቱ እስከ እግራቸው መሐል ወጥቷል። ግራና ቀኝ ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው።

በዚያው ቀን እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ሐኪሙ ለልጃቸው በፈረንሳይኛ ሲያስረዳት አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በፊት መጥተው ቢሆን ምናልባት ጣቱ ብቻ ይበቃ ነበር አላት። እሷ ዞር ብላም አላየችኝም።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስገባ ብቻቸውን ነበሩ። ወንበር እንድስብ በእጃቸው አመለከቱኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሰኞ ማወቄንም ጭምር።

«ሰኞ ካወቅሽ» አሉኝ፣ «ዓርብ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ሰበብ ሞልቶኝ ነበር፤ ለሳምንት ያህል ስደረድረው የከረምኩት። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ምሳ ልበላ» አልኩ። «ብነግርዎ ዳግመኛ የምትጠሩኝ አልመሰለኝም። ከእናንተ ቤት በቀር የምሄድበት የለኝም ሐጂ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«አይ አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አይሠራም ብትይኝስ፣ ምሳውን እከለክልሽ ነበር?»

እኔ ግን እንደማይከለክሉኝ አላውቅም ነበር።