ጎማ የሚበላው መኪናችንና የቆላ ድባ መንገድ

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ታላቅ ወንድሜ ጥላሁን የቤተሰባችንን የጭነት መኪና እንዴት እንደሚነዳ ለማየት ነበር። የፊት ጎማ ገና ዓመት ሳይሞላው ያልቅበታል። ባለፈው የአንዱ ጎማ ጥርስ ተገሽልጦ አስፋልት ላይ ቀረ። «እየበረረ ነው የሚጨርስብኝ» አለች የመኪናው ባለቤት እናታችን። «አብረሽው ሂጂና እውነቱን ንገሪኝ። የሚበር ከሆነ ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ።» እኔ ኮሌጅ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ስለ መኪና የማውቀው በሩን መክፈት ነው። ጥላሁን ግን ከመሪ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ስለዚህ መሪውን እንዳላሳጣው እየሰጋሁ ተሳፈርሁ።

ከዓባይ ድልድይ እስከ ወረታ

ወደ ቆላ ድባ የሚሄድ ዱቄትና ሳሙና ጭነናል። ጣና በግራ በኩል አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። ባጃጅ ሳይቀር ቀደመን።

«ጋሼ፣ መብረር ማለት ይኼ ነው?» አልሁት።

«ለእማ ንገሪልኝ» አለና ሳቀ።

ወረታ ላይ የተጠበሰ አሳ በሩዝ እንጀራ በላን። አፌን ሳልጠርግ ጥላሁን ወርዶ ጎማውን በመዳፉ ዳበሰና አየሩን ያስተነፍሰው ጀመር።

«ምን ሆነ?»

«ሲግል ያብጣል። ካላስተነፈስሁት ይፈነዳል። መሪ ያስያዘኝ ሹፌር በረሃ ላይ እንዲህ ነው ያስተማረኝ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለህ?»

«በየጉዞው። ሰው አሳፍሬ እንዴት ዝም እላለሁ?»

እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ምን አድርጎ ጎማ እንደሚጨርስ ግራ ገባኝ።

ቆላ ድባ

ማምሻውን ዕቃውን አራግፈን አደርን። ጠዋት ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር፤ ትኩስ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምሁ ለመልሱ ጉዞ ሽምብራ ሲጫን አየሁ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የፊት ጎማው ሆዱ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ ትናንት ያወጣኸው አየር በራሱ ተመልሶ ይሞላል እንዴ?»

ሊስቅ አለና ተወው። ቁጢጥ ብሎ ጎማውን አየ። በቅርቡ የገባ ጎማ ነው፤ ጠርዝና ጠርዙ ተላጭቶ መሃሉ ግን ገና አዲስ ነው። ገበያው ዳር ያለ ጎሚስታ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ሲለካው አየሩ በጣም ጎድሏል።

«እኔ ልኩን ለማወቅ በመዶሻ መትቼ ድምፁን ነበር የምሰማው» አለ ጥላሁን፤ ፊቱ ጠቆረ።

ጎሚስታው አስረዳን። አየር የጎደለው ጎማ ጭነት ሲጫነው ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይብስ ይግላል። ጥላሁን ደግሞ ጋለ ብሎ እንደገና ያስተነፍሰዋል። አየር የሚለካውም የሚሞላውም ጠዋት በብርዱ ነው፤ በመንገድ ሙቀት የሚጨምረውን ጎማው ራሱ ይችለዋል። በልኩ አስሞልተን ተነሳን።

ስንመለስ

ፎገራ ሜዳ ላይ ፀሐዩ ከረረ። ጥላሁን ዳር ይዞ ቆመና ወረደ። ተከትዬው ስወርድ ጣቶቹ ማስተንፈሻው ላይ ነበሩ።

«ቢፈነዳስ? አንቺን እኮ ይዣለሁ።»

እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ያለ መሪ እቤት ተቀምጦ ሲውል ታየኝ። እጁን ያዝሁት።

«ተወው ጋሼ። እኔም እዚያው ወንበሬ ላይ ነኝ።»

ማስተንፈሻውን ለቆ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ በነካን ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ጎማው ደህና ነው፤ ጥላሁንም ዘፈን ከፈተ። እኔም ደስ ብሎኝ አብሬው አጨበጨብሁ።

ቤት

ከጉዞው የተማርሁት፣ የወንድሜን ጎማ የበላው ፍጥነት ሳይሆን ስጋት መሆኑን ነው። ይህን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ጥላሁን ቀደመኝ።

«እማ፣ ጎማውን የጨረስሁት እኔው ነኝ። እየበረርሁ አይደለም። እንዳይፈነዳ ብዬ አየሩን እያስተነፈስሁ ነው።»

እናቴ ሁሉንም እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በረረ?»

«ባጃጅ ቀደመን» አልኋት።

ቀና ብላ ልጇን አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ የማትጠነቀቅልኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። «መሪው ያንተው ነው።»