ግድግዳ የምታንኳኳዋ ሴትዮ

ያረጀ ቤት ገዝታ፣ አድሳ የምትሸጠዋን ጡረተኛ ነርስ «ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ ያናግራታል» እያሉ ያሟታል። የተወራው ሁሉ እውነት ቢሆን ከተማው በወርቅ ክብደት በሰመጠ ነበር። እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ ወርቅ ያላት ሴት ጣሪያ ላይ ወጥታ ቆርቆሮ አትመታም።

ትናንት አምስተኛ ቤቷን ልትገዛ ሄዳ ግድግዳውን አንኳኩታ ጆሮዋን ስትለጥፍ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ውሉን ሳይፈርሙ ነጠቋት።

«ወርቄን ሳላወጣ አልሸጥም!»

ቤቱ ሊያመልጣት ነው፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። መዶሻዋን አቀበለቻቸው።

«ይቆፍሩ አባባ። የቆፈሩትን ግን ራስዎ ይለስኑታል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታዳምጪው?»

«የለቀቀ ልስን ነዋ! ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ያሰማል። በአራት ቤት ያገኘሁት ምስጥና የአይጥ ጎጆ ነው። ወርቅ የሚባል፣ ፍንጣሪ እንኳ አግኝቼ አላውቅም!»